ከሜልቦርን ሐረር ስንት ሰዓት ነው?

ሐረር፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኪሩቤል አሰፋ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን እንዳለን አለን።

የላክከው ምስል ደርሶኛል። ከሜልቦርን አዲስ አበባ በአየር አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑን አነበብኩ። ቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ዐሥራ አምስት ሰዓት ግድም እንደሚፈጅ፣ ስለሌለ ግን መንገድ ላይ ወርዶ መጠበቅ እንዳለ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ታድሮ ወደ ድሬዳዋ እንደሚበረር ተረድቻለሁ። ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው ቀይ መስመር ለምን እንደጎበጠ ግን አልገባኝም። ለእማዬ ሳሳያት «ይኼ መንገዱ ነው?» አለችኝ። «መንገዱ ነው» አልኳት። «ታዲያ እሱ የት አለ?» አለች። መነጽሯን አድርጋ መስመሩ ላይ ፈለገችህ፤ አጣችህ።

ርቀቱን ማን ጠየቀህ? ሩቅ መሆኑን ከሄድክ ጀምሮ እናውቃለን። እኔ የጠየቅኩህ መቼ ትመጣለህ ብዬ ነው። ገበያ ወጥቼ ቲማቲም ስንት ነው ስለው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ የሚያስረዳኝ ነጋዴ ቢገጥመኝ ጥዬው ነው የምሄደው። አንተን ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ቀድመህ ሄደሃል።

ለምን አትደውዪም ላልከው፣ ስልኩ «ይሰማሃል?» «ይሰማሻል?» ስንባባል ስለሚያልቅ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶውን ብልክልህ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

እማዬ ትንሽ ደክሟታል። ግን ደህና ናት፤ አትጨነቅ። ብቻ ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነው።

ጎረቤታችን ሐዋ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ ለተማርያም

⁂

ሜልቦርን፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ለተማርያም፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁላችንንም ያጽናን።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ለጋሽ ጌታቸው አሳየኋቸው። የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እንደ አባት የምናያቸው ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ስልኩን መለሱልኝና «ነገ ሥራ ትገባለህ?» ብቻ አሉኝ። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስምንት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ።

ስለደበቅሽኝ አልቀየምሽም። አባባ ያረፈ ጊዜም «ትንሽ ደክሞታል፣ ቶሎ ና» ብለሽ ነው ከዩኒቨርሲቲ የጠራሽኝ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዤ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚጠራ አውቃለሁ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ሰዉ አላሳፈረኝም። ለቀብሩ እንደማልደርስ ግልጽ ስለሆነ ለአርባዋ ልመጣ ወስኛለሁ። ያረፈችበትን ቀን ስላልነገርሽኝ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ቆጥሬ ነው። የቆረጥኩት ቲኬት በዱባይ ብዙ ያዞራል፣ ከአርባዋም ጥቂት ቀን ያሳልፈኛል፤ ግን ታኅሣሥ 16 ሐረር ያስገባኛል። ቁልቢ ገብርኤልም በዐሥራ ዘጠኝ ስለሆነ በዚያው ስለቴን አደርሳለሁ።

የተቀበረችው ከአባባ አጠገብ ነው? በመጨረሻ ስሜን ጠርታ ነበር?

ወንድምሽ ኪሩቤል

⁂

ሐረር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኪሩቤል፤

እማዬ አልሞተችም።

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ይህን ስጽፍ ትራስ ተደግፋ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የአጃው ሾርባ ጨው አንሶታል እያለች ነው። ስምንት ትልልቅ ሰዎች ተሰብስባችሁ አንዲት ደብዳቤ ማንበብ አቃታችሁ!

ደብዳቤህን እንዳየሁ ደወልኩ። ስልክህን ያነሱት ጋሽ ጌታቸው ናቸው።

«ኪሩቤልን አገናኙኝ፤ እህቱ ነኝ» አልኳቸው።

«አይዞሽ ልጄ፣ ብቻውን አይደለም፤ እኛ አለን።»

«እናታችን በሕይወት አለች!»

በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ «አዎ፣ እሷማ በልባችን አለች» ብለው ዘጉት።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንደ አባት የምታዩት። መቼም አባት የሚሆን ሰው በፈረንጅ አገር ተወዷል።

ስለ አባባ ያልከው እውነት ነው፤ አልክድም። ያኔ እንዲያ በዪው ያሉኝ ትልልቆቹ ነበሩ። ግን አባባ የሞተው ድንገት ነው። እማዬ እግሯ ካበጠ፣ ደረጃ መውጣት ካቃታት ስንት ጊዜዋ ነው? ስንቴ ጻፍኩልህ? ሐኪሙ ልቧ እንደደከመ ነግሮኛል። «ልጆቿ በሙሉ እዚህ ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ስለገባኝ ነው ቶሎ ና ያልኩህ። አንተ መሞቷን ስትሰማ ተረጋግተህ ቲኬት መረጥክ። ለቀብር የማይቸኩል ሰው ደርሶ ስለትና አርባ ባንድ መንገድ ያጣምራል!

ለሐዋ ብነግራት «አስተግፊሩላህ! ሰው በቁሙ ይለቀሳል እንዴ?» ብላ አፏን ያዘች። ከእማዬ ልደብቅ ነበር፤ ሐዋ ድምጿን ዝቅ ማድረግ አታውቅምና ሰማች። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። «ስንት ሰው መጣ?» አለችኝ። «ስምንት፤ በኋላ ደግሞ ብዙ» አልኳት። «ጮክ ብሎ ነው ያለቀሰው ወይስ በሆዱ?» አለች። ይህን አንተ መልስላት፤ እኔ አላውቅም።

ስምህን ጠርታ እንደሆነ ጠይቀሃል። በየቀኑ ትጠራለች።

ለተማርያም

⁂

ሜልቦርን፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬዬ፤

ደብዳቤሽን እያነበብኩ አለቀስኩ። የሾርባው ጨው አንሶታል ማለቷ ልክ እሷን ነው። አንቺም ለእኔ ብለሽ ይህን ሁሉ መሸከምሽ አንጀቴን በላው።

ጋሽ ጌታቸው አስቀድመው ነግረውኛል። «እህትህ ዐይንህን እስክታይ አታምንልህም። ሩቅ አገር ብቻህን እንዳትጎዳ ብላ ነው። አትፍረድባት» ብለውኛል። አልፈርድብሽም። ነገር ግን ከአሁን በኋላ አትድከሚ። እኔ ተጽናንቻለሁ።

በሕይወት ካለች አንድ ጊዜ በቪዲዮ አሳዪኝ። ከሌለች ምንም አትመልሺልኝ፤ ዝምታሽ ይበቃኛል።

ኪሩቤል

⁂

ሐረር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተጽናናው ወንድሜ፤

ቪዲዮውን ሞከርኩ። እማዬ ስልኩን ስታይ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች።

«ጠጉሬ ሳይሠራ ነው ለፈረንጅ አገር የምታሳዪኝ?»

«ለኪሩቤል ነው እማዬ። አንዴ ብቻ።»

«ማየት ከፈለገ መጥቶ ይየኝ። እኔ በመስኮት ብቅ የምል ዕቃ አይደለሁም።»

ሐዋም ለመነቻት። «ወላሂ እማማ ሥራዬ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ዞር ይበሉ» አለቻት። «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» ተብላ ተባረረች። ተኝታ ሳለች ላንሳት ብዬ ስልኩን ደቀንኩ። ዐይኗን ጨፍና፣ ነጭ ለብሳ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ያንን ምስል ጋሽ ጌታቸው ሲያዩት ታየኝና ተውኩት።

በመጨረሻ «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። ድምጿ ስለደከመ ጆሮዬን አፏ ላይ ደቅኜ ነው የጻፍኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ኪሩቤል። ሥራዬ ነኝ፣ እናትህ። አልቅሰህልኛል አሉ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አምስት ዓመትህ ሳለ ሶፊ መንደር አክስትህ ጋ ስንሄድ ከከተማው በኤረር በር ገና ከመውጣታችን ደረስን ወይ ማለት ጀመርክ። ከዚያ መንገዱ መሀል ቁጭ አልክ። አዘልኩህ። ጀርባዬ ላይ ሸናህ። አባትህ ማታ ቀሚስሽ ምን ነካው ቢለኝ ዝናብ ነው አልኩት። የዚያን ቀን ሰማይ ላይ ጉም እንኳ አልነበረም። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ዝናብ ነው አባባ፣ ከባድ ዝናብ አልክ። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ለተ ይኸው እየሳቀች ነው የምትጽፈው። የሞተ ሰው ይህን አይናገርም። ያኔ ተሸክሜ አድርሼሃለሁ። አሁን አልችልም።»

እዚህ ላይ ደከማትና ተኛች። እኔም የምጨምረው የለኝም። ጋሽ ጌታቸውን ስለ ዝናቡ ጠይቃቸው፤ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለምና።

ለተማርያም

⁂

ሜልቦርን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

አመንኩ። ስለ ሶፊው ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን። ይቅር በዪኝ፤ እማዬም ይቅር ትበለኝ።

ግን ያለሁበትን ሁኔታ ተረጂልኝ። ሰው ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን አብሮኝ ተቀምጧል። ፍትሐት ተደርጎላታል፤ ቄሱ በስሟ ጸልየዋል። ጋሽ ጌታቸው ቆመው ስለ ደግነቷ ሲናገሩ አይተዋት የማያውቁ ሴቶች ተንሰቅስቀዋል። አሁን ብድግ ብዬ «አልሞተችም» ብላቸው ምን ይሉኛል? እዚህ ያለነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሁሌም የምንገናኘው እርስ በርሳችን ነው። ልጆቼ ሳይቀሩ መሳቂያ ይሆናሉ።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ታኅሣሥ 16 እንዳልኩት እመጣለሁ። ቀኑን አሁን ባስቀድመው ለምን ብለው ይጠይቁኛል። እስከዚያ ነገሩ በእኛ መካከል ይቆይ። እዚህ ሰላማዊት የምትባል የሐረር ልጅ አለች፤ አክስቷ እዚያው ሐረር ሸዋ በር ቅመም ትሸጣለች። እንዳትሰማ ተጠንቀቂ። እማዬም ለጊዜው ሰው ባታይ ጥሩ ነው።

ሐኪሙ እስከ ታኅሣሥ 16 ምንም አትሆንም ይላል? በግምት ስንት ቀን አላት? ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

ኪሩቤል

⁂

ሐረር፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኪሩቤል አሰፋ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ማኅበርዎ፣ ኀዘንዎ እንደምን አሉ? እስከ ዛሬ አንተ እያልኩ በመዳፈሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንተ የሚባለው ዘመድ መሆኑን ዘንግቼ ነው።

ባዘዙኝ መሠረት ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወጣት ልጅ ነው። «እስከ ታኅሣሥ 16 ትቆይልናለች?» ስለው ቀና ብሎ አየኝ። «ታኅሣሥ 16 ምን አለ?» አለኝ። «ወንድሜ የሚያመቸው ያን ቀን ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለእኔ መናገሩን ትቶ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ በእርስዎ ፈንታ ስለሆነ ግን ግድ የለም፣ እርስዎ ሥራ ይበዛብዎታል።

የሐረሯን ልጅ አክስት በሚመለከትም ትእዛዝዎን ለመፈጸም ሞክሬ ነበር። ትናንት እርድ ልገዛ ሸዋ በር ሄድኩ። ሌላ ሰው ጋ ልገዛ ስል እሷ ቀድማ አየችኝ። ሚዛኗን ጥላ ሚኒባሶቹ መሀል እየሮጠች መጣች።

«ወይኔ ለተ! እኔን አፈር ያስበላኝ! እዚሁ ቁጭ ብዬ ሳልሰማ!» እያለች ደረቷን ትመታለች። «ሰላማዊት ባትደውልልኝ እኮ አላውቅም ነበር! ምነው እንዲህ ለሰው ሳትናገሩ ቀበራችኋት?»

ረዳቱ ሁሉ ቆሞ ያየናል። እኔ እንዳዘዙኝ ቃል አልተነፈስኩም። እጇን ይዤ ወደ ቤት መራኋት። መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። በሩን ከፈትኩላት። እማዬ ትራሷን ተደግፋ ብርቱካን ትልጣለች።

ሴትዮዋ «በስመ አብ!» ብላ መቃኑ ላይ ተደገፈች።

«ግቢ እንጂ» አለች እማዬ። «ለቅሶ ባዶ እጅ ይመጣል እንዴ?»

ሐዋ ውኃ ስትረጫት፣ እማዬ ስትስቅ፣ ስትስል፣ ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ነፍሷ መለስ ሲልላት ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። እዚያው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ለሰላማዊት ደወለች። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ብለው የላኩልኝን አስታውሼ ሰዓቴን ለማየት ሞከርኩ፤ ሰዓቴን ሳላገኘው ወሬው ሜልቦርን ገብቷል። ዱባይም አልወረደም፤ ድሬዳዋም አልወረደም።

እንግዲህ የሚደብቁት ነገር የለዎትም። መሳቂያ ሆነዋል፤ ተገላግለዋል። ከእንግዲህ ታኅሣሥን የሚጠብቁበት ምክንያት ካለ በደብዳቤ ያሳውቁኝ።

የእርስዎ ታዛዥ
ለተማርያም አሰፋ

⁂

ዱባይ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ትናንት ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ስምንቱም። ጋሽ ጌታቸው እንደ ወትሮው ጫማቸውን አላወለቁም።

«ፓስፖርትህ የት ነው?» አሉኝ።

«ጋሽ ጌታቸው፣ በጣም አፍሬ ነው እኮ ያልነገር…»

«አንተ አፈርክ? ቆሜ ስለ ደግነቷ የተናገርኩት እኔ! ቄሱን የጠራሁት እኔ! ዝም ብለህ ልበስ።»

ቲኬቱን ሰላማዊት ቀይራልኝ ነበር። ስምንቱም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኙኝ። ስንደርስ ጋሽ ጌታቸው ሻንጣዬን አውርደው «በል ጨርሰህ አልቅስ፤ ግን ፊቷ ሆነህ» አሉኝ። የተቆጡት በእኔ ይሁን በራሳቸው አላወቅኩም።

ከሜልቦርን እዚህ ድረስ አንድም ጊዜ ዐይኔን አልከደንኩም። የአዲስ አበባው በረራ ዘግይቷል፤ ነገ ማታ ነው ይላሉ። የበረራ ሰሌዳው ሥር ቆሜ የአዲስ አበባ ስም እስኪበራ እጠብቃለሁ። ነገ ማታ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ድሬዳዋ ነኝ።

የሰደብሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። አንተ በዪኝ ብቻ። እማዬ እንዴት ናት? ምንም ሆነ ምን እውነቱን ጻፊልኝ።

ኪሩቤል

⁂

ሐረር፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኪሩ፤

እማዬ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አርፋለች።

እውነቱን ጻፊልኝ ብለሃል። ሰው ሰብስቤ፣ ጎህ ጠብቄ፣ በሌላ ሰው አፍ ልነግርህ አልፈለግኩም። ብቻህን እንደምታነበው አውቃለሁ። መጀመሪያ የምትቀመጥበት ፈልግ።

የቀረውንም ልንገርህ። መነሳትህን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጠዋት ዐይኗን ገልጣ «የት ደረሰ?» አለችኝ። አንተ ሰሌዳው ሥር ነበርክ። ዱባይ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን ሳየው «ድሬዳዋ ገብቷል» አልኳት።

ትንሽ ቆይታ «አሁንስ?»

«የደንገጎን ዳገት እየወጣ ነው።»

«የማን መኪና ነው?»

«የወንድወሰን።»

«ወንድወሰን ይፈጥናል። ቀስ በል በዪው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ማንም በሌለበት መስመር «ወንድወሰን፣ ቀስ በል፤ እማዬ ናት ያለችህ» አልኩ። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ይህን ያህል ጊዜ አልመጣህም ብዬ ምን ስልህ እንደነበር ታውቃለች። ወደ ጓዳ ገባች።

ሐረማያ አደረስኩህ። አወዳይ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀድመህ እንዳትደርስብኝ እዚያው ጫት የሚጭኑ መኪናዎች መንገድ ዘግተውብህ አቆምኩህ። ብዙ ቆምክ። ስትነቃ እጄን ያዘችኝ፤ መጠየቅ አልቻለችም። «ሸዋ በር ደርሷል እማዬ» አልኳት። «ምሳ አቅርቡለት» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ለእሷ ደርሰሃል። ለእኔ ግን አልደረስክም፤ ሁለቱን እንዳትቀላቅላቸው። ከመጀመሪያው ደብዳቤዬ ብትነሳ ኖሮ ያ መንገድ ሁሉ እውነት ይሆን ነበር። እሱን ሳስብ የምሰድብህ ቃል እፈልጋለሁ፤ ዛሬ አላገኘሁም። ሌላ ቀን አገኝ ይሆናል።

እድሮቹ ነገ ጠዋት ትቀበር ብለው ነበር። ለምኜ ስድስት ሰዓት አስደርጌዋለሁ፤ ካህናቱም እሺ ብለዋል። ወንድወሰን ድሬዳዋ ከአውሮፕላኑ በር ይጠብቅሃል። የተቀበረችው ወዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ከአባባ አጠገብ ነው የሚቆፈርላት።

ምሳ አቅርቡለት ስላለች አቅርቤያለሁ። ሽሮውን ከድኜ መሶቡ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሰው ቤቱን ሞልቶታል፣ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ነገ ከቀብር ስንመለስ እንደቀዘቀዘ ትበላዋለህ።

እህትህ ለተማርያም